«ማስጠንቀቂያው ይቅደም» ትል የነበረችው ራቢያ

ራቢያ ሞተች አሉኝ። ሱብሂ ሰግጄ ጫማዬን ሳላጠልቅ ነው የተደወለልኝ። «የቷ ራቢያ?» አልኩ። ሌላ ራቢያ የማውቅ ይመስል!

ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ይህንንም በስልኬ የምጽፈው ቢስቲማ፣ እናቷ ደጅ፣ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። ጀናዛዋን የያዘው መኪና ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደሴን አልፏል ብለውናል።

ለማታውቋት፣ ራቢያ የሟች ባለቤቴ የፋጡማ ታናሽ እህት ናት። ሥራዋ የአውሮፕላን ጥገና መመሪያ መጻፍ ነበር። መካኒኩ የቱን ብሎን አስቀድሞ እንደሚፈታ፣ የቱ እስኪቀዘቅዝ እንደሚጠብቅ፣ እሷ የጻፈችውን አንብቦ ነው የሚሠራው።

እናቷ እማማ ዘሃራ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «አውሮፕላኑ ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ የምትጽፈው ልጄ ናት» ይሉ ነበር። «ታዲያ መሰላሉን ማን ይይዝላታል?» ይሏቸዋል። ራቢያ እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች እንጂ አታርማቸውም።

እኔን ግን አትምረኝም። አንዴ ኮምቦልቻ ቤታችን መጥታ ለፋጡማ አዲሱን ቡታጋዝ ሳሳያት ሰማችኝ። «ጋዙን ክፈቺ፣ ክብሪቱን ጫሪ... አዎ፣ መስኮቱ ግን መጀመሪያ መከፈት አለበት» አልኩ።

«ውይ ጋሼ እንድሪስ! መስኮቱ ትዝ ያለዎት ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው እኮ። ማስጠንቀቂያው ይቅደም!»

የቤታችን ተረብ ሆኖ ቀረ። ፋጡማ ሻይ ስታቀብለኝ እንኳ «ማስጠንቀቂያው ይቅደም፤ ይፋጃል» ትለኝ ነበር።

ፋጡማ ስትሞት፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ሽማግሌዎቹ እማማን «ልጅዎን ትንሽ አሟታል» ብለው ኮምቦልቻ አመጧቸው። ከመኪና ሲወርዱ ድንኳኑን አዩ። እዚያው አስፋልቱ ላይ ወደቁ። ራቢያ እያነሳቻቸው «ሰው ሳይነገረው እዚህ ላይ ይጣላል?» አለች።

ዛሬም ሽማግሌዎቹ በር ላይ «ታማ እየመጣች ነው እንበላቸውና ቀስ እያሉ ይልመዱት» አሉ። እምቢ አልኩ። ብቻዬን ገባሁ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። በጣም ከባድ ነገር ልነግርዎ ነው። ስለ ራቢያ ነው።»

ተቀመጡ። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ያችንም?» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

ጩኸታቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ሲበርድላቸው የውዱእ ውሃ አስመጡ። ሰግደው ሲያበቁ ወጥተው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ። «ስትመጣ ቆሜ ነው የምቀበላት» አሉኝ።

ደግ ሠርቼ ይሁን፣ ወይስ ሸክሙን ከላዬ ለማራገፍ ቸኩዬ፣ አላህ ያውቃል። ራሴን እየጠየቅኩ ግቢውን እዞራለሁ። ዱዓ ልጀምርና ቃሉ መሀል ላይ ይጠፋብኛል።

ራቢያ፣ ለመካኒኩ ሁሉ አስቀድመሽ እየነገርሽ፣ ለእኛ ምንም ሳትይ ሄድሽ። «ሥራ ልትገባ ስትል ወደቀች» አሉን፤ በቃ። አኩርፌሻለሁ፤ ግን እስከ መቼ እንደምችል እንጃ።

መኪናሽ ሐይቅን አልፏል አሉ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ጀነትን ይወፍቅሽ። ፋጡማን ሰላም በይልኝ።

እማማ ከመቀመጫቸው ተነስተዋል። ስልኩን ላስቀምጥና ክንዳቸውን ልያዝ።