እንግዳ አይረበሽም

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኗ በጅምር ቀሚሶች የተሞላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሰማያዊው መጋረጃ አልፋ ስትገባና ነፋሱ ቀሚሶቹን ሲያወዛውዛቸው፣ ሰው የሞላበት ቤት ይመስላል። እሷ ግን ልጅ አልወለደችም። ትምህርት ቤቱ ለውጭ አገር ተማሪዎች ማረፊያ ቤተሰብ ሲፈልግ፣ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች።

"ቤቴ የልጅ ድምፅ ይስማ እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?" አለችኝ።

የተመደበችላት የውጭ አገር ልጅ መጣች። አክስቴም "እንግዳ አይረበሽም" ብላ የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነቻት። ባሏ፣ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ እየነዳ ጥሩምባ ሲያስጮህ የኖረው ሰውዬ፣ በካልሲ መሄድ ጀመረ፤ ሳል ሲመጣበት እንኳ ጓሮ ወጥቶ ይስላል። አብሬያቸው የምኖረው እኔም በጥቅሻ ማውራት ለመድኩ። ልጅቷ ሰሃኗን ላጥብ ካለች ሦስታችን ተሻምተን እንነጥቃታለን። ዝምታ ወርቅ ከሆነ፣ ያን ሰሞን ከእኛ በላይ ሀብታም አልነበረም። እሷም ዝም ስትል ጊዜ "ጭምቷ" አልናት።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ የእንግዳ ተማሪዎች አስተባባሪ ለአክስቴ ደወለች። "ልጅቷ ቤተሰቡ አልወደደኝም ትላለች። ቅዳሜ መጥቼ ሌላ ቤት እወስዳታለሁ፤ አይቀየሙኝ" አለች።

አክስቴ ስልኩን እንደያዘች ቁጭ አለች። "ምን አጎደልኩባት?" አለች።

"ምንም! እንደ ንግሥት ነው የያዝናት" አላት ባሏ። እውነቱን ነው። ችግሩም ይኸው አያያዛችን እንደሆነ ለማናችንም አልታየንም።

ዓርብ ዕለት አክስቴ ተስፋ ቆርጣ አንሶላውን ገፈፈችው። የሙሽራ ቀሚስ ውዝፍ ነበረባት። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ቤቱ ከእንቅልፉ የባነነ መሰለኝ። ባሏ እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ እንደ ልቡ ሳለ። ወዲያው የልጅቷ በር ተከፈተ። ቀስ ብላ መጥታ ወለሉ ላይ፣ ነጩ ጨርቅ ከተዘረጋበት ዳር ተቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፍና ድምፁን ታዳምጣለች። ሁላችንም በሕልም ውስጥ ያለን ይመስል ነበር።

አክስቴ ከስፌቱ ዓይኗን ሳታነሳ፣ "ምን ተጎልተሽ ታይኛለሽ? ጫፉን ያዢልኝ እንጂ!" ብላ ጮኸች።

እኔ ክው አልኩ። ልጅቷ ግን ጫፉን ያዘች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ በአገሯ ቋንቋ መዝፈን ጀመረች፤ ጭምት ያልናት ልጅ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ታቀልጠዋለች! እስኪመሽ ድረስ በዚያ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ስንዋኝ ዋልን።

ቅዳሜ ጠዋት አስተባባሪዋ በሩ ላይ ቆማ "ተዘጋጀሽ?" አለቻት።

ልጅቷ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አወጣች። በምታውቃት ጥቂት የእኛ ቋንቋ፣ በጣቷ አክስቴን እያሳየች፣ "አልሄድም። እሷ ትቆጣኛለች" አለች፤ ኩራቷ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

አክስቴ ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ ዕንባዋ ቀደማት።