ምንጣፍ የሚታጠብበት ቀን

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ የማዳም ደግነት ነው። ስድቧንማ ለምጄው ነበር።

ዓረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር ቤቷ በሠራተኝነት የገባሁ ቀን ስልኬን ተቀብላ ቆለፈችበት። የጣሪያው በር ቁልፍም እሷ ጋ ነው፤ የሚከፈተው ምንጣፍ ሲታጠብ ብቻ። እናቷ በእጃቸው የሠሩት ቀይ የሱፍ ምንጣፍ ነው፤ ማሽን አይንካው ተብሎ እኔ ተንበርክኬ በብሩሽ እፈትገዋለሁ። ከጠባቧ መንገድ ማዶ፣ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ልብስ የምታሰጣ ያገሬ ልጅ አለች። ፍራሽ ሥር የደበቀችው ስልክ አላት፤ የእናቴን ቁጥር ሰጥቻት እየደወለች ወሬዋን ታመጣልኛለች። ምንጣፉ ቶሎ እንዳይደርቅብኝ ማዳም ዞር ስትል ውሃ እረጭበታለሁ። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ደግሞ ስወርድ ወገቤን ይዤ አቃስታለሁ።

አንድ ቀን ልጅቷ እናቴ ሆስፒታል መግባቷን ነገረችኝ።

"አይዞሽ እህቴ፣ አጣርቼ በሚቀጥለው እጥበት እነግርሻለሁ" አለች።

እንቅልፍ አጥቼ ስጠብቅ፣ ማዳም ሁለት ሰዎች ጠርታ ምንጣፉን አስጠቅልላ አስወጣችው።

"መስኪና፣ ወገብሽ ተጎዳ። ኸላስ፣ ከእንግዲህ ላውንደሪ ያጥበዋል" አለችኝ፣ ጀርባዬን እየዳበሰች።

ልነክሳት ነበር። ለወገቤ ያዘነች ሴት፣ ስልኬን ስትቆልፍ አንጀቷ የት ነበር?

ምንጣፉ ታጥቦ በተመለሰ ማግስት እንግዶች ሊመጡ ሲሉ፣ አንድ በራድ ሙሉ ሻይ መሃሉ ላይ ደፋሁበት። አዳልጦኝ አይደለም።

"ዕውር! ያላ፣ አሁኑኑ አውጥተሽ እጠቢው!" ብላ ጮኸች፤ ቁልፉን ወረወረችልኝ።

ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ክብደቱ አይጣል ነው፤ እንደ ምንም ጎትቼ የጣሪያው ግንብ ላይ ሰቀልኩትና ልጅቷን ጠራኋት።

"እናትሽ ድነዋል፤ ቤታቸው ገብተዋል" አለችኝ።

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ አንገቷን ደፋች።

"ምነው? ንገሪኝ እንጂ!"

"ተቀይመውሻል። ስልኳን ወስደውባት ነው ብላቸው አላመኑኝም። 'ላንቺ ለባዕዷ የምትደውልበት ስልክ ለኔ ሲሆን ነው የሚጠፋው? ከእንግዲህ ልጅ የለኝም በያት' አሉኝ።"