የኋላው ወንበር

የእህቴን ባል አልወደውም። ኋላ አድልታለች እንዳልባል ይህን ቀድሜ ብናገር ይሻላል። ሰው ፊት ጋሼ እለዋለሁ፣ አንቱ እለዋለሁ። በሆዴ ግን አንተ ካልኩት ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ መስመር ላይ ነድቷል። የሥራ ባልደረቦቹ «ደቂቃ» ይሉት ነበር፤ እሱ ሙገሳ መስሎት ይኮራበታል። ደቂቃ ከመነሳቱ በፊት መሪውን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ ያደርግና «ሞላ?» ይላል። ትኬት ቆራጩ ከኋላ «ሞልቷል!» ካለ ይነዳል። ዞር ብሎ አያይም። «በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን ዞር ብዬ አላውቅም» እያለ ሰርግ ቤት ሳይቀር ያወራል። ትኬት ቆራጮቹን ምን ያህል ያምን እንደነበር መናገሩ ነው አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከኋላው ያለው ሰው ደንታ ስለማይሰጠው ነው።

እህቴ ደግሞ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ስትተኩስ ኖረች። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፣ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው። ወንበር አንድ ነበረች፤ እሷም የኃላፊው ናት። የእህቴ ጉልበት ያለቀው እዚያ ነው። ጡረታ ስትወጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ የሚታይበት መስኮት ያለው ቤት ተከራይቶ ሁለት ወር መቀመጥ። «ማንም ተነሺ የማይለኝ ቦታ» ትላለች።

ባሏ እሺ ይላል። እሺ ማለትማ ማን ብሎት! አምስት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ውጭ አገር ሄደው ለሁለት ወር ቤት ይከራያሉ፤ በአራተኛው ቀን መኪና ተከራይቶ በር ላይ ያቆማል። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ግድግዳ ልናይ ነው?» ይላታል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሻንጣ ማስቀመጫ ይሆናል። ዛሬ አንዱ ከተማ ያድራሉ፣ ነገ ሌላው። ስለ እነዚያ አምስት ቤቶች ብትጠይቋት የበሩን ቀለም እንኳ በቅጡ አትነግራችሁም።

መኪና ውስጥ የምትቀመጠው ከኋላ ነው። የፊቱ ወንበር የካርታው፣ የውሃውና የደብተሩ ነው። ደብተሩ ላይ የተነሱበትን ሰዓት፣ የደረሱበትን ሰዓትና ኪሎ ሜትሩን ይጽፋል። አንድ ቀን ሰርቄ አገላብጬዋለሁ፤ ያየው ተራራ፣ ያገኘው ሰው፣ የበላው ምግብ የሚባል ነገር የለበትም። «ሞላ?» ይላል እሱ። እሷ ከትራሶቿ መሃል «ሞልቷል» ትላለች። አምስት ዓመት ሙሉ ያወሩት ይህንኑ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ዘንድሮ እኔን ጠራችኝ። «አብረሽኝ ነይ። እኔ መከራከር አልችልበትም፤ አንቺ አፍ አለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አፍ አለኝ።

ቤቱ ሐይቅ ዳር ነበር፤ መስኮቱም ልክ እንዳለችው። እትዬ ወንበር ስባ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ጠዋት ሻይዋን ይዛ ትቀመጣለች፣ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ ትዘረጋለች፣ ጀልባ ትቆጥራለች። የቁርጭምጭሚቷ እብጠት ጎደለ። በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ስትስቅ ሰማኋት፤ አንድ ዳክዬ ከጀልባ ጋር ሲጣላ አይታ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትስቅ የሰማሁ አይመስለኝም፤ ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። እትዬ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ኮቷን ደረበች። ደቂቃ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «አንቺ ከፊት ሁኚ፣ ካርታ ትይዣለሽ» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ከፊት ገባሁ። የምናገረውን በሆዴ እያዘጋጀሁ ነበር።

ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ ነዳጅ ማደያ ቆምን። «የምንቆመው ሰባት ደቂቃ ነው» አለ። የፊቱን መስታወት ጠርጎ ተመልሶ ሲገባ፣ ያጠራቀምኩት ሁሉ ገነፈለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሰው አይደሉም!» አልኩት።

መሪውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። «ሞላ?»

«ሞልቷል! ይንዱ! መንዳት አይደል የሚያውቁት!» አልኩት እኔ፣ ከፊት ወንበር።

ነዳ።

ያን ቀን አንቱታው እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። «ሦስት ቀን አስቀመጥካት፤ ሦስት ቀን! ሁለት ወር ብለሃት!»

«ቤት ውስጥ ተዘግታ ትሙት ነው የምትይው? እኔ አይደለሁም እንዴ ዓለም ያሳየኋት?»

«ዓለም አይደለም ያሳየሃት፣ ማጅራትህን ነው!»

«እሷ መንገድ ትወዳለች። አንድ ቀን አቤት ብላ አታውቅም።»

«እግሯ ሲያብጥ አይተሃል? እሷ የምትፈልገውን ከአንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።»

«አንቺ? በዓመት ሁለቴ ብቅ እያልሽ? ሚስቴን ከእኔ በላይ ልታውቂ!»

እንዲህ እየተሞላለጭን ሄድን። የሠላሳ ዓመት ቂም በአንድ ሰዓት አያልቅም። የሰርጋቸውን ቀን አነሳሁ፣ እናታችን ስትታመም ያልመጣበትን ቀን አነሳሁ። እሱም ያላገባሁት በምላሴ እንደሆነ ነገረኝ። እትዬ ከኋላ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ ለሁለታችንም አዲስ ስላልነበረ ልብ ያለው የለም።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። «እሷው ትንገርህ! እትዬ፣ አንቺው ንገሪው!» ብዬ ዞርኩ።

ትራሶቹ አሉ። የአንገት ልብሷ አለ። እሷ የለችም።

«የለችም» አልኩት።

«ማን የለችም?»

«እትዬ። የለችም።»

የመሃሉን መስታወት እያጣመመ ፈለጋት፤ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ትራስ ብቻ ነው። መኪናውን ዳር አስይዞ አዞረው።

ማደያው ውስጥ ካለችው ሱቅ መስኮት ሥር ተቀምጣ አገኘናት። ገንዘብ ተቀባይዋ የራሷን ወንበር ሰጥታታለች፤ እሷ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ትሠራለች። እትዬ እግሯን የውሃ ጠርሙስ ሳጥን ላይ ዘርግታ ሻይ ትጠጣለች። ስታየን አልተነሳችም።

«ስንት ኪሎ ሜትር ደረሳችሁ?» አለች።

«ዘጠና አራት» አለ ደቂቃ። ቁጥር ሲጠየቅ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«ዘጠና አራት።» ሻይዋን ፉት አለች። «ይቺ ልጅ ስልኳን ሰጥታኝ ነበር። ቁጥራችሁም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እምቢ አልኳት። የቱ ጋ ስትደርሱ እንደምጎድላችሁ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ውረጂ ያለሽ ማን ነው?» አለ እሱ፤ ድምፁ ግን ሟሽሿል።

«መጸዳጃ ቤት ደርሼ ልምጣ ብያችሁ ነው የወረድኩት። ሁለታችሁም አልሰማችሁም።» ወደ እኔ ዞረች። «እሱስ ልማዱ ነው። ዞሮ አያውቅም። አንቺስ?»

አፍ አለሽ ተብዬ የመጣሁት ሰው አፌ ተሳሰረ። «ስለ አንቺ ነበር እኮ የምንጣላው» አልኩ በመጨረሻ።

«ይገባኛል። ለመጣላቱማ እኔ ምን አደርግላችኋለሁ?»

በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች። «የቤቱን ቁልፍ።»

«ግቢና እንመለሳለን። ዛሬውኑ እወስድሻለሁ፤ እንደፈለግሽ ትቀመጫለሽ…»

«አውቶቡስ አለ። ልጅቷ ሰዓቱን ጽፋልኛለች። ሁለታችሁም እንዳትከተሉኝ። የሁለት ወር ጊዜዬን ጨርሼ ራሴ እመጣለሁ።»

ወደ እኔ አየ። የሚለው ሲያልቅበት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየሁት፣ ደስታ ግን አልሰጠኝም። ቁልፉን ሰጣት። አውቶቡሱ ሲመጣ ገንዘብ ተቀባይዋ የእትዬን ቦርሳ ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻት። እትዬ በመስኮት በኩል ተቀመጠችና ለልጅቷ እጇን አውለበለበች። ለእኛ አላውለበለበችም።

መኪና ውስጥ ገባን። እኔ ከፊት፣ እሱ መሪው ላይ። ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶ አነሳ፤ ምንም ሳይጽፍ መልሶ ዘጋው። ሞተሩን አስነሳ። ጣቱ እንደ ልማዱ መሪውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ።

«ሞላ?» አለ።

እኔ አልመለስኩም። ከኋላ ያሉት ትራሶች ናቸው። ሞተሩ እየሠራ ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና የኋላውን ወንበር አየ።