አንድ ጭብጥ ጉዝጓዝ

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የእንስሳቱ ቤት ኃላፊ ኦዴድ የአይጦቹ ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ ከማንተገብሽ ጋር የሚሠራውን ወጣት፣ «ማለደ፣ ነገ ጠዋት ሺሙዓ አለብህ» አለው። ሺሙዓ ሰው ከሥራ ከመሰናበቱ በፊት ቃሉን የሚሰጥበት ስብሰባ ነው። ማንተገብሽ ከዚያ ስብሰባ ወጥቶ ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው አይታ አታውቅም።

በእጇ የያዘችው የአይጦች ውሃ ማጠጫ ጫማዋ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ቆየ፤ አልታወቃትም። ጥፋቱ የማለደ አልነበረም። የእሷ ነበር፤ ይህንንም ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ማንተገብሽ በየማለዳው ከክርያት ሞሼ ሰፈር በእግሯ እየሄደች፣ ሬሖቮት ባለ አንድ የምርምር ቤት የአይጥ ሳጥን ማጽዳት ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል። ለጡረታዋ ስምንት ወር ቀርቷታል። ዕብራይስጥ ማንበብ ቢከብዳትም ቀለምና ቁጥር አትስትም። የታመመች አይጥ ጀርባዋን ስታጎብጥና ጸጉሯ ሲቆም ከሐኪሙ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ለሁለታቸውም የሚፈርመው ግን ማለደ ነበር፤ እስክሪብቶ ስትይዝ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ ራሱ፣ «ይተዉት እማማ፣ እኔ ልፈርም» ብሎ የለመደው ነው።

በዚያ በ2015 ጸደይ ለዶክትሬቷ የምትሠራው ሮቴም ሁለት ረድፍ ሳጥን አስገብታ ነበር፤ አንዱ ረድፍ ሰማያዊ ካርድ፣ ሌላው ቢጫ። ሮቴም እዚሁ የተወለደች የጎንደሮች ልጅ ናት።

«ረዳት የሚባሉ ሴሎች አሉ» አለቻት ያን ጊዜ። «በሽታ ሲገባ ‹ተነሱ!› ብለው የሚጮኹ። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ ‹በቃ፣ ተመለሱ› ይላሉ። እነሱ ከሌሉ ሰውነት የራሱን አንጀት ያቆስላል። ለቢጫዎቹ ሁለቱንም፣ ለሰማያዊዎቹ ግን ረዳቶቹን ብቻ ነው የሰጠኋቸው።»

«ታዲያ ሊታመሙ ነው?»

«መታመም አለባቸው፣ ቤሰደር? እሱን ነው የማየው።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች ማንተገብሽ። በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ግን የሰማያዊ ሳጥን አራትና አምስት አይጦች ጥግ ይዘው፣ ጎብጠው አገኘቻቸው። እናቷ የደከመች ዶሮ ስትኖር ከጤነኞቹ ሥር አንድ ጭብጥ ጭድ አንሥታ ታነጥፍላት ነበር። ከሳጥን ወደ ሳጥን ምንም ነገር እንደማይዛወር ማንተገብሽ ታውቃለች። ጉዝጓዝ አይጥ አይደለም አለች በልቧ። ከቢጫ ሁለት ላይ የተጎዘጎዘውን የእንጨት ፍቅፋቂ ጨበጥ አድርጋ ለአራት፣ ጨበጥ አድርጋ ለአምስት ሰጠች።

በሦስተኛው ሳምንት የሰማያዊው ረድፍ አይጦች ሁሉ ከሱ፤ አራትና አምስት ግን ድብልብል እንዳሉ ቀሩ። ሮቴም ሙከራዋ ተበላሽቶባት ሚዛኑ አጠገብ ቆማ አለቀሰች። ኦዴድ የሥራ ዝርዝሩን ገለጠና የማለደን ፊርማ አየ። «ካርድ አቀያይረሃል» አለው።

ረቡዕ ማታ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ማለደ እየሳቀ፣ «ካባረሩኝ መዝከረት ባትያ መንደር ሄጄ ዶሮ እጠብቃለሁ እማማ። ዶሮ ዶክትሬት አይሠራም» አላት። ሚስቱ የመውለጃዋ ወር ገብቶ ነበር።

«ማለደ…»

«አቤት እማማ?»

«ጃኬትህን እንዳትረሳ።»

በማግስቱ የስብሰባው ክፍል በር ተዘጋ። ማንተገብሽን የጠራት የለም። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ወጣች ወረደች፤ የጎማ ጓንቷን አወለቀች፣ አጠለቀች። ከዚያ አንኳኩታ መልስ ሳትጠብቅ ገባች።

«ካርዱን ማንም አልነካው» አለች። «ጉዝጓዙን ያዛወርኩት እኔ ነኝ።»

ኦዴድ ፈገግ አለ። «ልጁን ለማዳን ብለሽ ነው።»

«በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ነው። ከቢጫ ሁለት። ለአራትና ለአምስት፣ አንድ አንድ ጭብጥ።»

ፈገግታው ጠፋ። ሮቴም ከወንበሯ ተነሣች፤ ፊቷ ቀልቷል። በዕብራይስጥ፣ «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት የለፋሁበትን!» አለች። ማንተገብሽ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ማለደም አላያትም፤ ጠረጴዛውን ያያል። 

«ከየትኛው ጥግ?» አለች ሮቴም በድንገት።

«እ?»

«ጉዝጓዙን። ከየትኛው የሳጥኑ ጥግ አነሱት?»

«በጠጣቸውን ከሚጥሉበት። የነሱ ሽታ ያለው እዚያ ነዋ።»

ሮቴም ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አይጥ የሌላዋን በጠጥ ትበላለች» አለች ለራሷ። «የቢጫዎቹ የአንጀት ተህዋስያን ገብተው ከሆነ… ረዳቶቹ አብረዋቸው ሲኖሩ ጠባያቸው ተለውጦ ሊሆን ይችላል።»

«ከአህያ የዋለች ጊደር…» ብሎ ማለደ ጀመረና የኦዴድን ዓይን ሲያይ ቀሪውን ዋጠው። ማንተገብሽ ሳቅ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

ማለደ ዕለቱን ወደ ሥራው ተመለሰ። ለማንተገብሽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ከአይጦቹ ክፍል ወጥታም ወደ ሳጥን ማጠቢያው ተዛወረች። ማለደ ለሁለት ቀን፣ «እንደምን አደሩ» ከማለት በቀር አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን፣ «ረቡዕ ማታ ሊነግሩኝ ነበር፣ አይደል?» አላት። «ነበር» አለችው። ከዚያ በኋላ የሳጥኖቹን ጋሪ እስከ ማጠቢያው ድረስ እየገፋ ያመጣላት ጀመር።

ከወር በኋላ ሮቴም ትንሽ ሚዛንና አንድ ከረጢት ንጹሕ ፍቅፋቂ ይዛ ማጠቢያው ክፍል መጣች።

«በእነዚያ ሁለት ሳጥኖች ውስጥ ከረዳቶቹ ብዙዎቹ ተቆጣጣሪ ሆነው አገኘኋቸው» አለች። «በአጋጣሚ የሆነ ነገር ግን ማስረጃ አይሆንም። አውቄ፣ ለክቼ እንደገና መሥራት አለብኝ። ጭብጥዎ ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

ማንተገብሽ እጇን በሽርጧ አደራረቀች። ከከረጢቱ ጨብጣ ሚዛኑ ላይ አኖረች። አሥራ አንድ ግራም።

«እንደገና።»

አሥራ አንድ።

ሮቴም ቁጥሩን ጽፋ፣ «አመሰግናለሁ» አለችና የመግቢያ ካርዷን በሩ ላይ አስነክታ ወደ አይጦቹ ክፍል ገባች። ማንተገብሽ በመስታወቱ በኩል ተከትላ አየች፤ በሩ ከእንግዲህ በእሷ ካርድ አይከፈትም። ሮቴም ቢጫ ሁለት ፊት ስትቆም ማንተገብሽ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችና በጠጥ የሚጥሉበትን ጥግ አመለከተቻት።