የአንድ ጎን እጀታ

ሰፈሩ «ሹካ» የሚለው ሰው ቅጽል ስሙን ያገኘው ከቀኝ እጁ ነው። ትንሿ ጣቱና ጎረቤቷ ከሥራቸው የሉም፤ የቀሩት ሦስቱ ሲዘረጉ በእርግጥም ሹካ ይመስላሉ። ሲጠሩት አይቆጣም። «ማንኪያ ከመባል ይሻላል፤ ሹካ ቢያንስ ይወጋል» ይላል።

ጣቶቹን ያጣው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ባለቤቱ ሥራው የሚፈጥን መስሎት የትልቁን መጋዝ ሽፋን በገዛ እጁ ፈትቶ አነሣው። ሹካ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሰው ይበላል» ቢለው፣ «ዓይን ላለው ሰው ሽፋን ምን ያደርግለታል?» ብሎ ኩም አደረገው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሳንቃ ከመጋዙ ላይ ዘለለና የሹካን እጅ ወደ ጥርሱ ጎትቶት ገባ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የዕድል ጉዳይ ነው ብሎ በተወው። ባለቤቱ ግን ሹካ ገና ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሽፋኑን መልሶ ገጠመና፣ «ሰክሮ ገብቶ ነው፤ ሽፋኑንም የፈታው ራሱ ነው» ብሎ አስወራ። ባልደረቦቹ ከሥራ እንዳይባረሩ ፈርተው አንገታቸውን ደፉ። ወሬው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው እናቱ ጆሮ ነው። እናቱ ደግሞ ባሏን መጠጥ የቀማት ሴት ነበረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን እያየች፣ «የአባትህን መንገድ ያዝከው እንግዲህ» አለችው። ማለ፣ ተገዘተ። አባቱም እንዲሁ ይምልላት ስለነበር መሐላው አንዲት ነገር አልፈየደለትም። እንዳላመነችው ሞተች። ከዚያ ወዲያ ሹካ ጣቶቹን የበላውን መጋዝ ረሳው፤ ሰውዬውን ግን አልረሳም። ቂሙን እንደ እርጥብ እንጨት ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ሳይሰነጠቅ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተወው።

ከሥራ ከወጣ በኋላ ልብስ ሰፊ እህቱ ቤት ጓሮ ያለችውን ክፍል ያዘ። ብስክሌቱን ሊነዳ ሲሞክር የላስቲኩ እጀታ ከሦስት ጣቱ ሙልጭ እያለ አስቸገረው። ተናደደና አንድ የወይራ ቁራጭ አንስቶ፣ ሞረዱን በግራ እጁ ይዞ፣ በእጁ ልክ እጀታ ቀረጸ፤ ለሦስቱ ጣቶች ሦስት ጎድጓዳ፣ ጣት ለሌለበት ቦታ ደግሞ መዳፉ የሚደገፍበት ጉብታ አወጣለት። መሃሉን ሰርስሮ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ የተልባ ዘይት አጠጣውና መሪው ላይ ሰካው። አንዲት ፖስታ አመላላሽ አይታ «ለእኔም» አለችው። ከዚያ የእሷ ባልደረባ መጣ፣ ከዚያ ዳቦ አዳዩ። ሹካ እርጥብ ጭቃ በቱቦ ላይ ይለጥፍና «ጨብጥ» ይላል፤ በጭቃው ላይ በቀረው የእጅ ምልክት ልክ ይቀርጻል። ግራና ቀኙ አንድ የሆነ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ዝናው ከሰፈሩ አልፎ ሄደ።

ዝናው የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ዘንድም ደረሰ። ሰውዬው አርጅቷል፤ ቁርጥማት የእጁን አንጓዎች አሳብጦታል። ሐኪሙ ለጉልበትህ ብስክሌት ንዳ ቢለው፣ መንገዱ በነቀነቀው ቁጥር ሕመሙ እስከ ክርኑ ይወጣል። አንድ ቀን ብስክሌቱን እየገፋ መጣና፣

«አንተ ልጅ! ትልቅ ሰው ሆንክ ሲሉኝ ጊዜ መጣሁ» አለ፣ ፊቱን በፈገግታ ሞልቶ።

የእህቱ የልብስ ስፌት መኪና ቀጥ አለ። ሹካ ጭቃውን አቀረበለት። ሰውዬው በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ዐሥሩም ጣቶቹ ጭቃው ላይ ታተሙ። ሹካ ምልክቱን ሲያይ ቆየና፣ «እሠራልሃለሁ» አለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬውን «አንተ» ማለቱ ነበር። «መጀመሪያ ግን ሽፋኑን ማን እንዳነሣው ትናገራለህ። መጋዙ አጠገብ ቆመህ፣ ሠራተኞችህ እየሰሙ።»

«ያ ነገር? እስካሁን አልረሳኸውም እንዴ?»

«ፊቴን በታጠብኩ ቁጥር አየዋለሁ።»

ሰውዬው ተሳድቦ ወጣ። ሆኖም ብርዱ ጠንክሮ ቁርጥማቱ አላስተኛው ሲል ተመልሶ መጣና፣ «እሺ፣ ነገ ጠዋት ና» አለ።

በማግስቱ ሹካ እህቱን ይዞ ሄደ። መጋዙ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ አቧራ እንደለበሱ ተሰብስበዋል። ባለቤቱ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«አልሰማሁም። ጆሮዬ እዚህ ቤት ነው የደነቆረው፤ ጮክ በል» አለው ሹካ።

«ሽፋኑን ያነሣሁት እኔ ነኝ! አልሰከረም ነበር!»

በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ሠራተኛ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እናውቅ ነበር ወንድሜ» አለ። እህቱ አለቀሰች። ሹካ ወደ ባለቤቱ ጠጋ ብሎ፣ «ለእናቴስ ማን ይንገራት?» ሲል ጠየቀ።

የግራውን እጀታ ሲሠራ ሹካ ያለ የሌለ ጥበቡን አፈሰሰበት። ሰውዬው መጥቶ ሲጨብጠው ዓይኑን ጨፈነ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሕመሙ ዝም አለለት። «ቀኙስ?» አለ።

«ቀኝ የለም።»

«እንዴት የለም? ተስማምተን!»

«እሠራልሃለሁ አልኩ፣ ሠራሁልህ። እኔ ከአንተ ቤት የወጣሁት በአንድ ሙሉ እጅ ነው። አንተም ከእኔ ቤት እንደዚያው ውጣ።»

ሰውዬው ሲወጣ እህቱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችው።

«እኔ መች ልጸልይ አልኩ?»

ሰውዬው የግራውን እጀታ እንዳይጥለው እጁን አሳርፎለታል፤ ለቀኙ ሌላ ጠራቢ ዘንድ ቢሄድ የሚሆን አላገኘም። በአንድ በኩል የሚያብረቀርቅ ወይራ፣ በሌላ በኩል የተበጣጠሰ ላስቲክ ይዞ ከተማውን ይዞር ጀመር። ሠራተኞቹ ወሬውን አዳርሰውት ኖሮ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሁሉ እያስቆመ «ሌላኛውስ?» ይለዋል። ሹካ ይህን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። የሰውዬውን የቀኝ እጅ ምልክትም በውሃ አርሶ አቦካውና ለሌላ ደንበኛ ጭቃ አደረገው።

በመጨረሻ የሰውዬው ሚስት ልታማልድ መጣች። ሹካ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት።

«እትዬ፣ ለእርሱ አልሠራም። ለእርስዎ ከሆነ ግን ሁለቱንም፣ ዛሬውኑ ልጀምር። ብስክሌት ይነዳሉ?»

«ድሮ እነዳ ነበር» አለች። «እሱ ነው ያስተወኝ፤ ለሴት ምን ያደርግላታል ብሎ።»

ሹካ ጭቃውን ቱቦው ላይ ለጥፎ ጠበቀ። ሴትየዋ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች።