ሹዒ ከታላቁ መንግሥት ጦር መርከብ ጋር ያደረገው ንግድ

ሹዒ ዱበይሽ ከሁዴይዳ ወደብ በስተሰሜን ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ተወልዶ ያደገ፣ ንግድን በክንዱ የተማረ ሰው ነው። ዕቃ ጫኝ መርከብ ሲያልፍ ጀልባውን ወደ ጎኑ ያበርራል፤ ድራክ የሚሉትን ረጅም ዓሣ ከራሱ በላይ ያነሣል። ዝግ ብሎ መቅረብ አይሆንም፤ መርከቡ የሚገፋው ማዕበል ትንሽ ጀልባን ይገለብጣል። ስለዚህ በሙሉ ፍጥነት፣ በቀጥታ፣ ዓሣው ከፍ ብሎ። ከላይ ቅርጫት በገመድ ይወርዳል፤ ዓሣው ይወጣል፤ ሲጋራ፣ ናፍጣ፣ የሚጠጣ ውሃ ይወርዳል። ቀረጥ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ንግግር የሚያደርግ ሚኒስትር የለ። አባቱም እንዲሁ ሲነግድ ኖሮ በአልጋው ላይ ሞቷል።

ከዚያ ሁለት ጉዶች መጡ።

አንደኛው ከተራራ ወረደ። ታጣቂዎቹ “ያለ እኛ ፈቃድ በዚህ ባሕር መርከብ አያልፍም” አሉና ጀልባ ላይ ፈንጂ እየጫኑ የዓለሙን ዕቃ ጫኝ ያነድዱት ጀመር። ሁለተኛው ከውቅያኖስ ማዶ መጣ። ይህኛው ታላቁ መንግሥት ነው፤ በአንድ እጁ የጎረቤቶቹን ሸቀጥ በቀረጥ አንቆ ይዞ፣ በሌላው እጁ “የንግድ ነጻነት!” የሚል ባንዲራ ያውለበልባል። ከተማ የሚያህሉ የጦር መርከቦች ላከ። ታጣቂው በጓሮ የገጣጠማትን በራሪ ነገር ይለቅቃል፤ ታላቁ መንግሥት እሷን ለመጣል አንድ ሆስፒታል የሚያሠራ ገንዘብ ይተኩሳል። ጄኔራሉ በየማታው ቴሌቪዥን ላይ ቆሞ ደረቱን ይነፋል። ዕቃ ጫኞቹ ግን ጄኔራሉን አላመኑትም፤ ፈርተው አፍሪካን ይዞሩ ጀመር። ተራራውም ያው ከነታጣቂዎቹ እዚያው ቆሟል።

ታላቁ መንግሥት ተራራ መደብደብ ሲሰለቸው የሁዴይዳን ወደብ ደበደበ። የሹዒ ታናሽ ወንድም ፈቲኒ እዚያ የዱቄት ጆንያ ተሸካሚ ነበር። ከፊቱ ይሄድ የነበረው ባልደረባው ከነጆንያው ተበተነ፤ ዱቄትና ደም ተለውሶ ፈቲኒ ፊት ላይ ተለጠፈ። የፈቲኒን ጭን ደግሞ የጋለ ብረት እስከ አጥንቱ ቀደደው። ሳይሰነብት ቁስሉ ጠቆረ፤ ሽታው ከቤት አልፎ ደጅ ደረሰ።

“መድኃኒቱ መርከብ ላይ ነው” አለው ባለ ፋርማሲው። “መርከቡ ደግሞ አፍሪካን እየዞረ ነው።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ለወንድምህ? አይደርስለትም።”

ሹዒ በቀጥታ ወደ ሚስቱ ወንድም ወደ ጁብራን ሄደ።

“መርከብ ላይ መድኃኒት አይጠፋም፤ በዓሣ እንለውጣለን” አለው።

“አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? እነዚያኮ አሁን ትንኝ ብትቀርባቸው በሚሳይል ነው የሚሏት!”

“ዓሣ የያዘ ሰው ላይ ማን ይተኩሳል?”

“ዓሣ መሆኑን በምን ያውቁታል? እነሱ የሚያውቁት በቆርቆሮ የታሸገውን ነው።”

“ፈራህ?”

“አዎ፣ ፈራሁ! በል ሞተሩን አስነሣ፣ እህቴ ሳትሰማ።”

ረፋዱ ላይ አንድ ዕቃ ጫኝ ታየ፤ ከኋላው ግራጫው የጦር መርከብ ይከተለዋል። ሹዒ ዓሣውን አነሣ። ከጦር መርከቡ ላይ በድምፅ ማጉያ አንድ ሰው በማያውቁት ቋንቋ ይጮህ ጀመር።

“ምን ይላል?” አለ ጁብራን።

“ዓሣው አልታየው ይሆናል። አንተ ረጅም ነህ፣ ያዘው! እኔ ልንዳ።”

ጁብራን ዓሣውን ተቀብሎ በሁለት እጁ ወደ ሰማይ ዘረጋው። ሹዒም የአባቱን ደንብ ጠብቆ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀና ወደ ዕቃ ጫኙ ጎን በረረ። ታላቁ መንግሥት ስንት አዋቂ ቀጥሮ፣ በስንት መነጽር እያየ፣ ዓሣ ሻጭን ከአጥፍቶ ጠፊ ለመለየት የሚረዳው አንድም አላገኘም። የጦር መርከቡ መትረየስ አጓራ። ጁብራን ደረቱ ተከፍቶ በሹዒ ላይ ወደቀ፤ ትኩስ ደሙ ሹዒ አፍ ውስጥ ገባ። የጀልባዋ ግማሽ የለም። ዕቃ ጫኙ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ።

ሹዒ ሬሳውን በቀረችው ስባሪ ላይ አስሮ፣ እሱ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ ሲንሳፈፍ፣ ከሰዓት በኋላ አጥማጆች ደርሰው ጎተቷቸው።

ቤት ሲደርስ የመንደሩ የታጣቂዎች አለቃ ቀድሞታል። ስሙን ራሱ “አቡ ሐርብ”፣ የጦርነት አባት፣ ብሎ ያወጣ ጎረምሳ ነው። ታላቁ መንግሥት “አጥቂ ጀልባ ደመሰስኩ” ብሎ በሬዲዮ አውጇል፤ ታጣቂዎቹም “ጀግናችን ተሰዋ” ብለዋል። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ጠላቶች ጁብራን ላይ ለመስማማት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም።

“አጎቴ፣ ካሜራው ፊት ‘ልናፈነዳቸው ነበር የሄድነው’ ትላለህ፤ አለቀ” አለው አቡ ሐርብ።

“ዓሣ ልንሸጥ ነው የሄድነው።”

“ለዓሣ ሻጭ ወንድም መድኃኒት የለንም። ለሰማዕት ቤተሰብ ግን አለን። ሬሳውም አይታጠብም፤ ሰማዕት ከነደሙ ነው የሚቀበር።”

የሹዒ ሚስት ሳዒዳ የውሃ ባልዲ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም።

“ወንድሜን እጠበው” አለችው። “ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እንደ ሰው ታጥቦ ይቀበር።”

“ሳዒዳ፣ ፈቲኒ ቤት ውስጥ እየበሰበሰ ነው።”

“የኔን ወንድም ሸጠህ ያንተን ልትገዛ ነው?”

 ከውስጥ ፈቲኒ ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት ይሰማል። ሹዒ ባልዲውን ከእጇ ወስዶ መሬት አስቀመጠና ካሜራው ፊት ቆመ፤ የታዘዘውን አለ። አቡ ሐርብ ድምፁ አልጠነከረም ብሎ ደግሞ አስባለው። ጁብራን ከነደሙ ተቀበረ፤ ፎቶው ላይ የማያውቀው ጠመንጃ ተሥሎለት በየግድግዳው ተለጠፈ።

መድኃኒቱ በዚያው ዕለት መጣ። ታጣቂዎቹ ከማረኩት መርከብ የወሰዱት ነው። ሳዒዳ ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

ፈቲኒ ዳነ። እግሩ ቢያነክስም ቆመ። በዚያው ሰሞን ታላቁ መንግሥት ባሩዱም ትዕግሥቱም አልቆበት ከታጣቂዎቹ ጋር ተዋዋለ፤ “መርከቤን አትንኩ፣ ተራራችሁን አልነካም” ብሎ፣ “አሸነፍኩ” እያለ ወደ አገሩ ተመለሰ። ታጣቂዎቹም አሸነፍን ብለው ሰማዩን በጥይት ወቀጡት፤ የወረደው ጥይት ገበያ ላይ የአንዲት ሴት አናት በሳ። ባሕሩን ግን ማን እንደሚገዛ ከሁለቱ አንዱም አልተናገረም፤ የሚያልፍ መርከብ ሁሉ ለታጣቂዎቹ የማለፊያ ይከፍላል።

ፈቲኒ መራመድ እንደቻለ ሹዒን አስከትሎ፣ ዱላውን ተደግፎ ወደ ሳዒዳ አባት ቤት ሄደ። ራሷ ከፈተች። እግሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ያምሃል?”

“ሌሊት ሌሊት፣ እህቴ።”

“አንተ ግባ” አለችው። “እሱ እዚያው ይቁም።”

በሩ ተዘጋ። ሹዒ ፀሐዩ ላይ ቆመ።