አንድ እፍኝ ጓያ እና የቁንዝላ ሽሮ

ረቡዕ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ከዓባይ ማዶ እስከ ጀልባ ማቆሚያው ያደረሰኝ ባለባጃጅ ቁንዝላ እንደምሄድ ስነግረው፣ በዚህ ብርድ ለሽሮ ብሎ ሐይቅ የሚያቋርጥ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፣ የምሄደው ለሽሮ ነው። ቁንዝላ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ምሳ ሽሮ የሚያቀርብለትን ዛሬ ይመርጣል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ እዚያው አርሰው፣ ቆልተውና ከክተው የሚያዘጋጁ ሴቶች ማኅበር ነው።

የጭነት ጀልባው ሲሚንቶ፣ የለስላሳ ሣጥን፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ በግና እኛን አሥራ አንዳችንን ጭኖ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ስንዱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናት። ከትናንት ወዲያ ባሕር ዳር የመጣችው የግዥ መመሪያውን ሙሉ ቅጂ ፍለጋ ነው። በወሬ መወዳደር አትወድም። አራቱን ገጽ በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች፤ ፀሐይ ስትወጣ አውጥታ ታነብልኝ ጀመር።

ሕጉ ለማንም የሚገባ ነው። የተማሪ ምግብ በቅድሚያ ከአካባቢው አምራች ይገዛል፤ ከሌላ ቦታ የሚመጣው የአካባቢው ከጠፋ ወይም በጥራት ካነሰ ብቻ ነው። ናሙናው በቁጥር እንጂ በስም አይቀርብም። ሦስት የወላጅ ኮሚቴ አባላት ቀምሰው ይፈርማሉ። ሽሮው ውስጥ ጓያ ከተገኘ ግን ሻጩ ይሰረዛል። ጓያን የጣና ዳር ሰው ያውቀዋል፤ ወጡን ያወፍረዋል፣ ያጣፍጠዋል፣ አዘውትሮ የበላውን ሰው ግን እግር ያስራል።

ካልተመረጣችሁስ አልኳት።

«እንደ አምናው አተራችንን ደላላ በፈለገው ዋጋ ይወስደዋላ» አለችኝ። «ከተመረጥን ግን ልጆቻችን የእኛን ይበላሉ። እኔስ የጓጓሁት ለዚህ ነው።»

1 ሰዓት ተኩል፣ ዘጌ

ጌሾና ሎሚ ለመጫን ቆምን። አምስት ሎሚ በሃያ ብር ገዛሁና አንዱን እያሸተትኩ ተቀመጥኩ፤ ማዕበሉ ጀልባውን ያናውጠው ጀምሯል። በጉ እንኳ ከእኔ ይሻል ነበር።

እኔም በልጅነቴ ትምህርት ቤት በልቼ አውቃለሁ። ገንፎው የሚመጣው ማንበብ የማልችለው ጽሑፍ ከታተመበት ጆንያ ነበር። ሆዳችን ጠግቧል፣ ለሰጠንም እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ከአጥሩ ማዶ የአባቴ አተር እያበበ እኔ ተሰልፌ የሩቅ አገር ዱቄት ስጠብቅ አንድ ነገር ቅር ይለኝ ነበር። ያኔ ስሙን አላውቀውም፤ ዛሬ ይህን መመሪያ ስሰማ ገባኝ። የጎደለኝ ኩራት ነበር።

4 ሰዓት ተኩል፣ ቁንዝላ

ወደቡ ላይ ቆሮሶና አምባዛ የዘረጉ ዓሣ አስጋሪዎች፣ አህዮች፣ አቧራ። እትዬ ዘርፌ ከሰው መሐል ወጥተው ስንዱን አቅፈው ሳሟት። ከማኅበሩ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው፤ ሊቀመንበሯ ባሕር ዳር በሄደችባቸው ሁለት ቀናት ናሙናውን አዘጋጅተው ያስረከቡትም እሳቸው። ፊታቸው በርቷል።

«አታስቢ ልጄ፣ እንደሚጥም አድርጌ ነው የሰጠሁ» አሉ። «አንድ እፍኝ ጓያ ጣል አድርጌበታለሁ።»

ስንዱ የጀልባ ገመድ የሚታሰርበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ዘርፌ ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። ለእንግዳ ሽሮ ሲሠራ ትንሽ ጓያ መጨመር የቤቱ ደንብ ነው፤ ለተማሪ ሲሆንማ የበለጠ መጣም አለበት ብለው ነው። ስንዱ ወረቀቱን አውጥታ አነበበችላቸው። አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

አንድ እፍኝ ማን ያውቃል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ስንዱ ግን ከእኔም ከማንም ምክር አልጠየቀችም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና የትምህርት ቤቱን ዳገት ተያያዘችው፤ እኛም ተከተልናት።

5 ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ

ሦስቱ ዕቃዎች እንደታሸጉ፣ ቁጥር ተለጥፎባቸው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። በአንደኛው ወንበር ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የሆኑት፣ ከባሕር ዳር በመኪና የመጡት ነጋዴ አቶ ኑሩ ተቀምጠዋል። ሌላኛው ተወዳዳሪ ናሙናውን ልኮ ራሱ አልመጣም።

ስንዱ በሩ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተናገረች። «መሪጌታ፣ ከእኛ ዕቃ ጓያ ገብቷል። ሳናውቅ ነው፤ አሁን ግን አውቀናል። ልጆቹ እንዳይበሉት ብዬ ነው የመጣሁ።»

መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው መመሪያውን ከርዕሰ መምህሩ ተቀበሉና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ናሙናው ከመከፈቱ በፊት ሻጭ መለወጥ እንደሚችል የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ርዕሰ መምህሩ ከጠዋት ጀምሮ አንገቱን የደፋ ሰው ነው፤ የቅምሻውን ቀን ሲቆርጥ ረቡዕ ጾም መሆኑን ረስቶ፣ ከሦስቱ ቀማሾች ሁለቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በዚህ ጥፋቱ ሲወቀስ ነው ያረፈደው።

መሪጌታ አቶ ኑሩን ቅሬታ እንዳላቸው ጠየቋቸው። ነጋዴው ጥቂት አሰቡና፣ ሕጉ ካለ አለ ነው፣ እኔም ልጆች አሉኝ አሉ። ከዚያ መሪጌታ ወረቀቱን አጣጠፉት።

«እስከ ዘጠኝ የሚከፈት ዕቃ የለም» አሉ። «ሂዱ፣ ፍጠኑ።»

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሩጫ ነው። ከማኅበሩ መጋዘን የተቆላው ክክ ወጣ፤ በሰፌድ እየተዘረጋ በፍሬ በፍሬ ተለቀመ። አተርና ጓያ በጎረቤት ማሳ ስለሚበቅሉ አውድማ ላይ መቀላቀላቸው አይቀርም፤ ተከክተው ሲመጡ ደግሞ ለመለየት ዓይን ያደክማሉ። እኔም አንድ ሰፌድ ተሰጠኝ፤ ከእኔ ኋላ ግን እትዬ ዘርፌ ደግመው ያዩት ነበር። ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዙት ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ ቅድሚያ ለቀቁልን። ወፍጮው ቀድሞ ጓያ ፈጭቶ ሊሆን ይችላል ብለው በመጀመሪያ በቆሎ አስፈጭተው አጠቡት። ቅመሙ ተመጥኖ፣ ዕቃው ታሽጎ፣ ርዕሰ መምህሩ ቀማሾቹ ሳያዩ ቁጥሩን ለጥፎበት ጠረጴዛው ላይ ሲመለስ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነበር።

9 ሰዓት

ዕቃዎቹ ተከፍተው ሦስት ድስት ሽሮ ተሠርቶ ቀረበ። መሪጌታ ጸሎት አድርሰው ከእያንዳንዱ ቀመሱ፤ ሁለቱም አባላት እንዲሁ። አንደኛው ቁጥር ጨው በዝቶበታል ተባለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አልተለያዩም፤ ሦስቱም ደግመው አጥቅሰው እኩል ናቸው ብለው ፈረሙ። ስሙ ሲገለጥ ሁለተኛው የአቶ ኑሩ፣ ሦስተኛው የሴቶቹ ሆነ። እኩል ሲሆን ለአካባቢው አምራች ነውና ሕጉ የቀረውን ወሰነ። አቶ ኑሩ ተነሥተው ስንዱን ጨበጧት፤ ከዚያ ከሦስተኛው ድስት በእንጀራ ጠቅለል አድርገው ጎረሱና በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ዳር ቆሜ እንባዬ መጣ። ብዙ ስብሰባ አይቻለሁ፤ ሰው በራሱ ላይ መስክሮ ያሸነፈበትን ግን ያየሁት ቁንዝላ ነው። የዚህች አገር ልጅ መሆኔ የዚያን ቀን አኮራኝ።

እልልታው ግቢውን ሲሞላው እትዬ ዘርፌ አልነበሩም። ልነግራቸው እየሮጥኩ መጋዘን ስደርስ ሌላ ጆንያ ፈትተው፣ ሰፌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጎንብሰዋል። እማማ፣ አሸንፋችኋል አልኳቸው።

«ሰማሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልጆቹ ሰኞ አይደል የሚበሉ? ይኸኛው ገና አልተለቀመም።» መዳፋቸውን ዘረጉልኝ፤ አንዲት የጓያ ክክ ነበረችበት።

ጎናቸው ቁጭ አልኩና ሌላውን ሰፌድ ሳብኩ።